የስሪዲ መነጽር ስትገዙ፦ ዲኤልፒ ሊንክ፣ ብሉቱዝ ወይስ ኢንፍራሬድ?

ድሬ ታይዋን ገበያ ባለ ባትሪ የስሪዲ መነጽር ያነሳ ሰው ሁሉ «የትኛውን ፊልም ያሳያል?» ይላል። መነጽሩ ፋይል አያውቅም፤ ግራና ቀኙን ተራ በተራ ማጥቆር ብቻ ነው ሥራው። ምስሉን ለሁለት የሚከፍለው ቴሌቪዥኑ ወይም ፕሮጀክተሩ ነው፤ መነጽሩ መግባባት ያለበትም ከእሱ ምልክት ጋር ነው። ምልክቱ በሦስት መንገድ ይመጣል፦ በዲኤልፒ ሊንክ (ዲኤልፒ በሚባለው የፕሮጀክተር ዓይነት ብርሃን ውስጥ)፣ በብሉቱዝ ወይም በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ብርሃን)። ቀይና ሰማያዊ የተደራረበበትን ቪዲዮ ግን ሦስቱም አያሳዩም፤ ለእሱ ባለ ቀለም የካርቶን መነጽር ይበቃል።

ገና ምንም ካልገዛችሁ ዲኤልፒ ሊንክ ያዙ። ምልክቱን ከስክሪኑ ብርሃን ስለሚያነብ ማጣመር አያስፈልገውም፤ የአንዱ ብራንድ በሌላው ዲኤልፒ ፕሮጀክተር ይሠራል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ዋጋውን በአምስት አባዙና ከብሉቱዙ ጋር አስተያዩት። ጠላቱ ብርሃን ነው፤ ከሰዓት በርጫ ላይ መስኮት ተከፍቶ ከሆነ ምልክቱ ይጠፋዋል። የኢፕሰን ፕሮጀክተር ደግሞ ዲኤልፒ ስላልሆነ እዚያ ላይ ጭራሽ አይሠራም።

ፕሮጀክተሩን ሳትፈትሹ ግን ብር አታውጡ። «ስሪዲ ሬዲ» የሚል አሮጌ ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተር በ120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ምስል) የሚመጣውን ብቻ ይቀበላል፤ ጎን ለጎን የተሠራ ፊልም እዚያ ላይ ሁለት ቀጫጭን ምስል ሆኖ ይቀራል። ሜኑው ውስጥ «ሳይድ ባይ ሳይድ» (ጎን ለጎን)፣ «ቶፕ ኤንድ ቦተም» (ላይና ታች) እና «ፍሬም ፓኪንግ» (የሁለቱ ዓይን ምስል ሳይቀነስ አንድ ላይ የሚላክበት) ካሉ ግዙት። ፊልም ስታስጭኑ «ሃፍ ሳይድ ባይ ሳይድ» በሉ፤ ለአንድ ዓይን 960 በ1080 ብቻ ቢደርስም ከፍላሽ ያለ ችግር ይከፈታል። ሙሉው 1920 በ1080 የሚገኘው ከብሉሬይ በፍሬም ፓኪንግ ነው፤ ኮፒ መነጽር የሚጋለጠውም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ፕሮጀክተር ብሉሬይን በ144 ኸርዝ ያሳያል፤ ካርቶኑ ላይ 144 ተጽፎ ውስጡ 120 የሆነው መነጽር ይርገበገባል። ሻጩ በሁለቱም ካላስሞከራችሁ ጥላችሁ ሂዱ። የቀረበው ነገር የራቀ ከመሰለ ግን መነጽሩ ደህና ነው፤ ሜኑ ውስጥ ግራና ቀኙን የሚያቀያይረውን «ሲንክ ኢንቨርት» ቀይሩ።

ያገለገለ ሳምሰንግ ቲቪ ላላችሁ፦ ከኢንቹ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ፊደል ሲ ከሆነ የ2010 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኢንፍራሬድ ይፈልጋል፤ ዲ ከሆነ የ2011 ነው፣ ብሉቱዝ። ለኢንፍራሬድ ከዲኤልፒው ግማሽ ዋጋ በላይ አትክፈሉ። ፊት ለፊት ሰው ካለፈ ይቋረጣል፣ ለሌላ ብራንድ ቲቪም ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ጥገናው ላይም ልዩነት አለ። ቻርጅ የሚደረገው መነጽር ዓመት ሙሉ በድሬ ሙቀት መሳቢያ ውስጥ ከተኛ ባትሪው ይሞታል፤ ስልክ ጠጋኝ በልኩ የ3.7 ቮልት ባትሪ ይቀይርለታል፣ ቀይና ጥቁር ሽቦው እንዳይገለበጥ ብቻ ተቆጣጠሩ። የብዙዎቹ የሳምሰንግ ብሉቱዝ መነጽሮች ባትሪ ሲአር2025 ነው፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር። ሱቅ የሚሞላው ግን የኮምፒውተሩ ሲአር2032 ነው፤ 3.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በግድ ሲገባ ውስጥ ያለችውን የብረት ምላስ ያጣምማታል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ባትሪ ቢገባም አይነካትም። ያገለገለ ስትገዙ ክዳኑን ክፈቱና ምላሷን እዩ።