ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፍኬት አይሸውዳችሁ

ለእናቴ የመስሚያ መሣሪያ ስንገዛ ተበላን። እናንተም እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

መሣሪያውን የሸጠልን ሰውዬ ነጭ ጋወን ለብሷል። ከኋላው በፍሬም የተሰቀለ ሰርተፍኬት አለ። እናቴን አስቀምጦ ማዳመጫ አደረገላትና ስልኩን እየነካካ «ሲሰማዎት እጅዎን ያንሱ» አላት። በሩ ክፍት ነው፣ የመኪናው ጩኸት ሁሉ ይገባል። ጆሮዋን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። ወዲያው «ሁለቱም ጆሮ ደክሟል፣ ሁለት መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ቅናሹ ደግሞ ዛሬ ያልቃል» አለን። ከፈልን።

መሣሪያውን ስታደርገው በር ሲዘጋ እንደ መብረቅ ይሰማታል፣ የእኛ ወሬ ግን አይለይላትም። ሳምንት ሳይሞላ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

በኋላ ፈቃድ ያላት ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ችግርን የምትመረምር ባለሙያ) ዘንድ ወሰድናት። መጀመሪያ ያደረገችው ጆሮዋን በመብራት ማየት ነው። ግራው በኩክ ተደፍኗል! ኩኩ ከወጣ በኋላ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ስትመረመር ግራው ለዕድሜዋ ደህና ሆኖ ተገኘ። የደከመው ቀኙ ብቻ ነው። «የሁለቱ ጆሮ መስማት እንዲህ ሲለያይ ምክንያቱ ይጣራ» ብላ ወደ ጆሮ ሐኪም ላከቻት። አልፎ አልፎ በመስማት ነርቭ ላይ የሚያድግ እጢ እንዲህ ያደርጋልና። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ ላይ አልተገኘም። ግን ቢሆንስ ኖሮ? ያ ሰው ሁለት መሣሪያ ሸጦ ሸኝቶን ነበር።

ተመልሼ ሰርተፍኬቱን አነበብኩት። የመሣሪያ ሽያጭ ሥልጠና ነው። ፈቃድህን አሳየኝ ስለው የንግድ ፈቃዱን አወጣ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የንግድ ፈቃድ ሱቅ ለመክፈት ነው፣ የሙያ ፈቃድ ግን ሰው ለመመርመር። ለሙያ ፈቃዱ ትምህርት፣ በባለሙያ ክትትል የተሠራ ልምምድ፣ ፈተናና በየጊዜው እድሳት ይጠየቃል። በአሜሪካ ለምሳሌ 50ዎቹም ግዛቶች ኦዲዮሎጂስትም የንግግር ሕክምና ባለሙያም ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳሉ።

የንግግር ሕክምናም ያው ነው። አፍ ያልፈታ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ስለ መስማቱ ሳይጠይቅ ትምህርት የሚጀምርላችሁን ሰው ተጠራጠሩ። ልጁ የማይናገረው ስለማይሰማ ሊሆን ይችላል። ስትሮክ ያገኘው ሰው ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ስትሮክ የሚያመጣውን የመዋጥ ችግር የሚያክመውም ይኸው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው። በማያውቅ ሰው ምክር የተበላ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጋ ደውሉና ለየትኛው ሙያ እንደተሰጠ፣ ጊዜው እንዳላለፈ አጣሩ። ረዳት ነኝ ካለ ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ይንገራችሁ። መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ሞክራችሁ እንድትመልሱ የሚፈቅድ ውል በጽሑፍ ያዙ። እኛ አልያዝንም፣ ገንዘባችንም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

መጠየቅ እንዳያሳፍራችሁ። የእናቴን ኦዲዮሎጂስት ፈቃድሽን ላየው ስላት ምንም አልከፋትም። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው አውጥታ የሰጠችኝ።