የጠረጴዛ ሲኤንሲ ማሽን 3018፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ አዳፕተሩ ግን

ኮምቦልቻ ውስጥ በምሠራባት ትንሽ የማኅተምና የበር ጽሑፍ ቤት፣ 3018 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን የጠረጴዛ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀርጽ ማሽን) መጠቀም ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ቅርጽ አወጣጡ የምለው አጭር ነው፤ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነው መሥሪያ ቦታው ላይ እንጨትና ፕላስቲክ በጥሩ ሁኔታ ይቀርጻል፣ ናስም በትዕግሥት ይሞከርበታል፣ ብረት ግን አቅሙ አይደለም። እዚህ በስፋት የምጽፈው ሻጮች ስለማያነሡት ጉዳይ፣ ማለትም ማሽኑ ኃይል ሲቋረጥበት ስለሚያሳየው ጠባይ ነው፤ ምክንያቱም ከገጠመኝ ኪሳራ አብዛኛው የመጣው ከዚያ ሲሆን፣ እኔም ለወራት ጥፋተኛውን በሌለበት ቦታ ስፈልገው ከርሜአለሁ።

የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው በአንድ የዋንዛ ሰሌዳ ላይ ነው። «ርእሰ መምህር» የሚል የበር ጽሑፍ ታዝዤ፣ ማሽኑ የሁለተኛውን ቃል «ም» እየጨረሰ ሳለ መብራት ሁለት ሰከንድ ለሚያህል ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። ላፕቶፑ በባትሪው ስለሚሠራ አልጠፋም፤ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ቦርድም ለራሱ የሚያስፈልገውን 5 ቮልት በዩኤስቢ ገመዱ በኩል ከላፕቶፑ ስለሚያገኝ፣ ከሶኬት በአዳፕተሩ በኩል ኃይል የሚያገኙት ሞተሮች መቆማቸውን ሳያውቅ ትእዛዙን ማስኬዱን ቀጠለ። በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር በሚጓዝ ማሽን ሁለት ሰከንድ ማለት 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ መብራት ሲመጣ ሞተሮቹ ከቆሙበት ተነሥተው የሌላ ቦታ መስመር ይከተሉ ጀመር፣ «ህ»ም በ«ም» ሆድ ውስጥ ተቀረጸ። ከዚያ ወዲህ በቦርዱ ላይ ያለችውን አመልካች መብራት አላምናትም። ማሽኑ በእርግጥ ኃይል እንዳለው ማወቅ የሚፈልግ ሰው የዩኤስቢ ገመዱን ነቅሎ አመልካቿ ሳትጠፋ መቅረቷን ይመልከት።

መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ገዛሁና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ይሁን እንጂ ማሽኑ ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቶም፣ የክፍሉ አምፖል ቅንጣት ሳይርገበገብ፣ ጠንከር ያለ እንጨት ላይ ሲገባ መቆሙን አልተወም። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁሉንም በመብራት ላይ ሳሳብብ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ። አዳፕተሩን ይዤ በሐረጎ ዳገት በኩል ደሴ ወጣሁና ለአንድ ባለሙያ አሳየሁት፤ እርሱም በቴስተር ለክቶ 24 ቮልት አገኘና «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰልኝ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የተለካው ግን ሸክም የሌለበት አዳፕተር ነው። ቤቴ ተመልሼ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር) በሙሉ ፍጥነት ዋንዛ ውስጥ እየቆረጠ ሳለ በቦርዱ መግቢያ ላይ ስለካ፣ 24 የነበረው ወደ 17 ወርዶ አየሁት። ከማሽኑ ጋር የመጣው አዳፕተር ላዩ ላይ 5 አምፔር ቢጻፍበትም ያንን የመስጠት አቅም አልነበረውም፤ እንዲህ ያለው ድካም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውስጡ ያሉት ኃይል የሚያከማቹ ካፓሲተሮች ሲያረጁ ነው። ከፍቶ ማየት የሚያምረው ሰው ካለ ግን ይጠንቀቅ፤ በ220 ቮልት የሚሠራ አዳፕተር ከተነቀለ በኋላም ዋናው ካፓሲተሩ 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ከአዳፕተሩ ያነሰና የበለጠ የሚያናድድ ነበር። አዳፕተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ክቡ መሰኪያ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ የመካከሉ ቀዳዳ ግን 2.1 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ ሰፊው በቀጭኑ መርፌ ላይ ሲሰካ ይገባል እንጂ አይጨብጥም። የእኔን ገመድ በጣት ነካ ሳደርገው ማሽኑ ይጠፋና ይበራ ነበር፤ መርፌውም ጠቁሮ ነበር።

አሁን የምጠቀመው የብረት ሽፋን ያለው፣ በብሎን የሚታሰር፣ 24 ቮልትና 10 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ክቡን መሰኪያ ትቼ ገመዱን በቀጥታ ወደ ቦርዱ ወስጄዋለሁ። ከመሰካቱ በፊት ሁለት ነገር መታየት አለበት። በአንዳንዶቹ ጎን ላይ 110 እና 220 የሚል መቀየሪያ አለ፤ 110 ላይ እንዳለ በእኛ ሶኬት ከተሰካ ይቃጠላል። የኤርዝ ሽቦውም የግድ መታሰር ይኖርበታል፣ ሽፋኑ ብረት ነውና። ከለወጥሁት ወዲህ ያው ዋንዛ ሲቆረጥ ልኬቱ ከ23.6 አልወረደም፣ ማሽኑም በሥራ መካከል አልቆመብኝም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ዩፒኤሱ አሁን በእርግጥ ጥቅም ይሰጣል። ሲጮህ ከላፕቶፑ የቃለ አጋኖ ምልክት እልካለሁ፤ በማሽኑ ቦርድ ውስጥ ሆኖ ሞተሮቹን የሚመራው ጂአርቢኤል የተባለው ፕሮግራም ይህን ሲያገኝ ቦታውን ሳይስት ጉዞውን ያቆማል። መብራቱ ቶሎ ካልተመለሰ ግን ቦታው ይጠፋል፤ ማሽኑ መነሻውን የሚያገኝበት የጠርዝ ማብሪያ አብሮት አልመጣም፣ ይህም ትልቁ ጉድለቱ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በእንጨቱ ጥግ፣ በመነሻው ነጥብ ላይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ እበሳለሁ፤ መብራት ሲመጣ የመቁረጫውን ጫፍ እዚያች ቀዳዳ ላይ አድርጌ ዜሮ እለዋለሁ።

ማሽኑን ዛሬም ብጠየቅ እገዛዋለሁ። የፓወር ሰፕላዩን ዋጋ ግን ከመጀመሪያው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሬ እገዛዋለሁ እንጂ፣ አብሮት በሚመጣው አዳፕተር አንድም የደንበኛ እንጨት አልጀምርም።