ካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም፦ ከወራት በኋላ፣ ጣና ዳር

ሰው ማንሳት የምትወዱ ከሆነ፣ እስካሁንም ከካሜራው ጋር በሚመጣው 18-55 ሌንስ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ፣ ቀጣዩ ግዢያችሁ ይሄ ሌንስ ይሁን። እኔ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ካነን 250ዲ ካሜራ ላይ ገጥሜው በጋውን በሙሉ ባሕር ዳር ስሠራበት ከረምኩ፤ አሁንም ከካሜራዬ ላይ አይወርድም።

ክብደቱ 160 ግራም ነው፣ አንገት አይጎትትም። ትንሽ መሆኑ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። ረጅም ሌንስ ደግናችሁ ሐይቁ ዳር ስትቆሙ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል፣ ፊቱንም ኮስተር ያደርጋል። ያኔ የፈለጋችሁት ሳቅ ሄደ በቃ።

ዙም የለውም። 250ዲ ላይ የሚያሳየው ስፋት በፉል ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው ተለቅ ባለው) 80 ሚሊ ሜትር ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። ሰውን ከወገቡ በላይ ለማንሳት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል መቅረብ አለባችሁ። በዚህ ርቀት ተደብቆ ማንሳት የለም፤ መደበቅም ነውር ነው ባይ ነኝ። ዋርካው ጥላ ሥር ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። «እማማ፣ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። «አንሳኝ ልጄ፣ ቆይ ግን ነጠላዬን ላስተካክል» አሉኝ። አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ አነሳሁ። ያ ፎቶ ደህና ነው። የምወደው ግን ቡናዬን እየጠጣሁ ከጎረቤታቸው ጋር ጨዋታ ይዘው፣ እጃቸው ጀበናው ላይ እንዳለ ያነሳሁትን ነው። ፈቃዱ ይቅደም፣ ተፈጥሯዊው ፎቶ ካሜራው ሲረሳ ራሱ ይመጣል።

በዚያ ፎቶ ላይ ነጠላው የሠራውን ሥራ ልብ በሉ። አንዱ ጫፍ ደረታቸው ላይ ወርዶ ብርሃኑን ወደ አገጫቸውና ወደ ዓይናቸው ሥር መልሶታል፤ ሪፍሌክተር መግዛት አላስፈለገም። ችግሩ ካሜራው ነው። ነጭ ልብስ ሲበዛበት ትዕይንቱ በጣም የበራ ይመስለውና ያጨልመዋል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። ስለዚህ የብርሃን ልኬቱን ስፖት ላይ (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ላይ) አድርጌ ከፊታቸው ላይ እለካለሁ። ሁሌም በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው፤ የነጠላው ጥለት በመጠኑ ቢነጣ በኋላ ይመለሳል።

ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ሰው ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ ሲቆም ብርሃኑ ፊት ለፊት ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ይጨፍናል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ደግሞ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፣ ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጥላ ፈልጉ። የጥላው ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ የተቀመጠ ሰው በጣም ያምራል።

ሌንሱ ዋጋውን የሚያወጣው ግን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ኤፍ የሌንሱን ክፍተት የሚናገር ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። 18-55ቱ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ይሄኛው በ1.8 ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የደንገል ታንኳቸውን ወደ ዳር የሚጎትቱ አሳ አጥማጆችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ያለፍላሽ አነሳለሁ። ከኋላ ያለው ዘንባባና ባጃጅ ሁሉ ለስለስ ብሎ ይጠፋል።

1.8ን ግን በአግባቡ ያዙት። ሁለት ሜትር ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ለአንድ ሰው 2.2 አካባቢ፣ ለሁለት ሰው 4 ይሻላል። በስክሪኑ ስታነሱ የዓይን ፎከሱን አብሩት፣ በጣም ያግዛል።

ጉድለትም አለው። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፣ ስለዚህ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ በታች አላወርድም። ሁድ (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠመው ከለላ) ለብቻው ይገዛል፤ ፎከስ ሲያደርግ የፊቱ ክፍል ወጣ ስለሚል ለመከላከያም ቢሆን ግዙት። ውሃም አቧራም የሚከላከል ማሸጊያ ስለሌለው በጀልባ ወደ ዘጌ ስትሻገሩ ፌስታል አይለያችሁ።

85 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ አይሻልም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። 250ዲ ላይ እንደ 136 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ርቃችሁ መቆም አለባችሁ። ከሰውየው ጋር ለማውራት መጮህ ሊኖርባችሁ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ፎቶ እኔ አልገዛውም።