ቁልቁለት ላይ ግራ ስትሏት ቀኝ የምትሄድ ትራክተር

ይቺን ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ከገዛሁ ክረምቱ አልፎ በልግ ገብቷል። ቦታዬ ኮምቦልቻ፣ የጎፍ ተራራ ግርጌ ነው። ቤቱ ከላይ፣ ማሳው ከታች። ስለ እርሻው ብዙ የምለው የለኝም፤ ታርሳለች፣ ውሃ ትስባለች፣ በማኖቬላ ትነሳለች። ጠዋት ስትነሳ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች እንጂ ሞተሯ አላስቸገረኝም። እኔን ያንጨረጨረኝ መሪዋ ነው።

መሪ ስል ክብ መሪ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሏት፣ በእያንዳንዱ ስር በጣት የሚጨበጥ ማንሻ አለ። የግራውን ስትጨብጡ የግራ ጎማ ከሞተሩ ይላቀቃል፣ የቀኙ ብቻውን ይገፋል፣ እሷም ወደ ግራ ትዞራለች። ሻጩ ግቢው ውስጥ እያዞረ ያሳየኝ ይህንኑ ነው። «ሕፃን ልጅ ይነዳታል ጋሼ» አለኝ። አልዋሸም። ግቢው እኮ ሜዳ ነው!

ተሳቢውን ቀጥዬ፣ ፍግ ጭኜ፣ ከቤት ወደ ማሳው ወረድኩ። መታጠፊያው ወደ ግራ ነው፣ በቀኝ በኩል ቦይ አለ። የግራውን ጨበጥኩ። ወደ ቀኝ ሄደች። ጠበቅ አድርጌ ጨበጥኩ፣ ጭራሽ ባሰባት። የቀኙ ጎማ የቦዩን አፋፍ ይዞ ጠጠሩ ከስሩ ሲናድ እያየሁ የተሳቢውን ፍሬን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ቆመች። ፍጉ ግን ግማሹ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል። ቁልቁለት ላይ ግን ጭነቱ ራሱ ስለሚገፋ ሞተሩ ጎማውን መያዝ ይጀምራል፣ ከባድ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ እንደሚይዘው ማለት ነው። ታዲያ የግራውን ማንሻ ስትጨብጡ የግራው ጎማ ከያዘው ነገር ተፈትቶ ይፈተለካል፣ የቀኙ እንደተያዘ ይቀራል፣ ማሽኗም ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሯ ነው። ቁልቁለት ላይ ወደ ግራ ለመዞር የሚጨበጠው የቀኙ ነው። ደግሞ መሐል ላይ መንገዱ ረገብ ብሎ ሞተሩ መግፋት ከጀመረ ሁሉም ነገር እንደገና ይገለበጣል። አሁን እኔ ገና ከላይ ሳለሁ አንደኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ እስክጨርስ ማርሽ አልነካም፣ ፍሪሲዮንም አልይዝም፣ ማንሻዎቹን ትቼ እጀታውን በጉልበት እየገፋሁ እወርዳለሁ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ይለምዱታል። ማሽኑ እኮ ችግር የለበትም» አለኝ። እኔስ መች አለበት አልኩ? አንተ ነህ ችግር ያለብህ! ወሎ ውስጥ ትራክተር እየሸጥክ ቁልቁለት የሚባል ነገር አልሰማህም? ስለ ናፍታ ቁጠባዋ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራ ሰው ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዴት ይረሳል? መመሪያውም በቻይንኛ ነው።

«ባለ አራት ጎማዋን ትንሿን ትራክተር ግዛ ብለንህ ነበር» የምትሉኝ አላችሁ። ዋጋዋን እናንተ ክፈሉልኝ። ደግሞ እንደኔ ባለ ጠባብ እርከን ላይ ስትዞር ከምታርሰው የምትረግጠው ይበልጣል። ሰፋ ያለ ማሳ ካላችሁ ግን እሷን ግዙ፣ ከነጂው ጀርባ የግልበጣ መከላከያ ብረት ያላትን፣ ቀበቶውንም እሰሩ።

አማቼ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ጥግ ቦታ አለው። የኔን አይቶ ጎመጀ። ተው አልኩት። አንደኛ፣ ጉልበቱ። ቱርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 15 ፈረስ ጉልበት ብለው የሸጡልህ እዚያ ወደ 11 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ያንተ ግቢ ከበሩ ጀምሮ ቁልቁለት ነው። የግድ ካልክ ተሳቢውን ተወው፣ በበሬ ወይም በሰው አስጭን፣ እሷን ለማረሻ ብቻ ያዛት። ተቆጣ። እንዳልሰማኝ አውቃለሁ፣ ሻጩ ጋ ሄዶ ዋጋ ጠይቆ መጥቷል።

እኔ ግን አልሸጣትም። ታች ማሳው ላይ፣ ጥቁሩ አፈር ጠፈፍ ብሎ የብረት ጎማዋን ስገጥምላት፣ በሬ ተከራይቼ ቀናት የምፈጅበትን በአንድ ጠዋት ስትጨርሰው ቂሜን ሁሉ እረሳለሁ። ማታ ደግሞ ባዶ ተሳቢ ይዤ ሽቅብ ስወጣ፣ ያቺን ቦይ ሳይ ይነሳብኛል።

በቀደም ሻጩ ራሱ ደወለ፣ የመውቂያ ማሽን ገብቷል፣ ከሷ ጋር ይገጠማል ብሎ። መጀመሪያ ና፣ ፍግ ጭነን ቁልቁለቱን አብረን እንውረድ፣ አንተ ትነዳለህ አልኩት። ሐሙስ እመጣለሁ አለ። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልነገረኝም።