ለበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪያችን ምስጋናዬ ይድረስልኝ (ደሴ)

ስሟን እንዳልጽፍ ስለከለከለችኝ አልጽፍም። በሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል በጎ ፈቃደኞችን የምታስተባብረዋን ልጅ የሚያውቅ ያውቃታል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ሲባል ሄጄ፣ ቲሸርት ለብሼ፣ ፎቶ ተነስቼ ተመልሻለሁ። «እንደውልልዎታለን» አሉኝ። ቲሸርቱ አርጅቶ መወልወያ ሆኗል፣ ስልኩ ግን እስካሁን አልጮኸም። ይቺ ልጅ ቅሬያችን (ዕድራችን) ላይ መጥታ ስትናገርም እንዳልሰማ ሆኜ ነበር።

ጆሮዬን የሳበው አጠያየቋ ነው። «ኑና አግዙን» አላለችም። «ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ተኩል፣ የ4ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ የሚያስጠና 3 ሰው» ብላ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ሄድኩ። ሻይ አስቀዳችልኝና «የማይመችዎት ቀን የቱ ነው? የማይወዱት ሥራስ?» ብላ ጀመረች። የምችለውን የጠየቀችኝ ኋላ ነው። መታወቂያዬን ኮፒ አደረገች፣ የሚያውቁኝን የ2 ሰዎች ስልክ ተቀበለች። ደውላም ጠይቃለች፤ አንደኛው የቅሬያችን ዳኛ ነውና እሱ ነገረኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን የልጅ ልጄም እዚያው ነው የምታጠናው። ከልጅ ጋር ብቻ በር ዘግቶ መቀመጥ የለም፣ ፎቶ ማንሳት የለም፣ ይህን ከፊርማ በፊት ቃል በቃል አነበበችልኝ። ፎርሟ 4 ገጽ ነው፣ ለኛ ዕድሜ ይበዛል፤ ነግሬያታለሁ።

ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ የሌሎቹን አየሁ። በሦስተኛው አንድ ልጅ ሰጠችኝ። ግማሽ ሲደመር ሩብ ነው ጥያቄው። ልጁ እርሳሱን እየነከሰ ሲያስብ አላስችል አለኝና ተቀብዬ ሠራሁለት። እሷ ለካ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ስንወጣ ሸኘችኝና «አብሽሩ ጋሼ፣ ሒሳቡን እርስዎ በደንብ ችለውታል፤ ልጁ ነው የቀረው» አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ትንሽም አፈርኩ። በሳምንቱ ወደ መጻሕፍቱ ክፍል አዛወረችኝ። የተዋሰ ሁሉ ይዞ የሚቀርበት ክፍል ነበር፤ የገቢና የወጪ መዝገብ ከፈትኩለት፣ ዛሬ ያለ ፊርማ የሚወጣ መጽሐፍ የለም።

እኛ ወሎዬዎች እንግዳ መቀበል አያቅተንም፤ ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ያሉበት ከተማ ነው። የተቀበልነውን ሰው ቦታ ቦታ ማስያዙ ነው የሚቸግረን፣ ይቺ ልጅ እሱን ታውቅበታለች። የጁምዓ ሰዓት ላይ ሙስሊም አትመድብም። ከእያንዳንዱ ተረኛ ጎን ተጠባባቂ ጽፋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ሐምሌ ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ባለበሰ ሰሞን፣ ጉንፋን ጥሎኝ ብቀር ደወለች። «ለምን ቀሩ» ትላለች ብዬ ሰበብ ሳዘጋጅ «ደህና ነዎት ወይ?» አለችኝ። ተጠባባቂዬ ቀድሞ ገብቷል።

በጎ ፈቃደኛ እየመጣ የሚበተንባችሁ ቅሬዎችም ሆናችሁ ትምህርት ቤቶች ሄዳችሁ አነጋግሯት፣ አሠራሯን መዝገቧን ገልጣ ታሳያችኋለች። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ለትንንሾቹ ተረት የሚያነብ 2 ሰው ትፈልጋለች። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። መነጽራችሁንም አትርሱ፣ የመጻሕፍቱ ፊደል ደቃቅ ነው።