ሙድልን መመዘን፣ በሙድል መመዘን

ሙድል ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶቻቸውን በኢንተርኔት የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ነው፤ የብዙ ኮርሶች የሙድል ገጽ ሲከፈት አንድ ዓይነት ነው። ከላይ የኮርስ አውትላይን፣ ቀጥሎ «ቻፕተር 1»፣ «ቻፕተር 2» የሚሉ ስላይዶች፣ ከታች አንድ አሳይመንት። አለቀ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ሲዘጉ በጥድፊያ የተሞላ ገጽ ይመስላል። ለዚህ ለዚህማ የቴሌግራም ቻናል ይበቃ ነበር፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነፃ ይቀበላል፣ ተማሪውም ቀድሞውኑ እዚያው ነው። ሙድል ድካሙን የሚክሰው ሌላ ቦታ ነው፤ ትምህርቱ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለውን በቁጥር የሚያሳዩ ክፍሎች አሉት። አብዛኛው መምህር ግን እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

ሶፍትዌሩን የጀመረው ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ ለፈቃድ አይከፈልበትም። ወጪው ሰርቨሩ፣ መጠባበቂያ ቅጂውና ሰርቨሩን ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ነው። ያ ሰው አለመኖሩ ቶሎ ያስታውቃል፤ መምህሩ መልእክት ይለጥፋል፣ ለተማሪው ማሳወቂያ አይደርሰውም። አብዛኛውን ጊዜ «ክሮን» የሚባለው፣ በየደቂቃው መሮጥ ያለበት የጀርባ ሥራ ቆሟል ማለት ነው። ሙድልን «አይሠራም» ብሎ ከመተው በፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ክፍሉ ኩዊዙ ነው፣ ከኩዊዙም ውስጥ የስታቲስቲክስ ሪፖርቱ። ፈተናው እንዳለቀ የውጤት ገጹን ከፍቶ «ስታቲስቲክስ»ን መምረጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚነበቡ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። «ፋሲሊቲ ኢንዴክስ» ተማሪዎቹ በአማካይ ከጥያቄው ነጥብ ስንት በመቶውን እንዳገኙ ይናገራል። ከ35 እስከ 64 ያለው ለመካከለኛ ተማሪ ልክ ነው፤ ከ95 በላይ የወጣውን የሚስት፣ ከ5 በታች የወረደውን የሚመልስ የለም ማለት ይቻላል። «ዲስክሪሚኔሽን ኢንዴክስ» ደግሞ ይህን ጥያቄ ያገኙት በሌሎቹም ጎበዝ የሆኑት ናቸው ወይ የሚለውን ይመልሳል። 50 እና ከዚያ በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ30 እስከ 50 በቂ፣ ከ20 በታች እጅግ ደካማ፤ ከዜሮ በታች ከወረደ ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ነው ማለት ይቻላል።

120 ተማሪ የተቀመጠበትን ሚድ እናስብ። የ7ኛው ጥያቄ ፋሲሊቲ 38 ነው፤ በዚህ ብቻ ቢታይ ጤነኛ ነው። ዲስክሪሚኔሽኑ ግን ከዜሮ በታች 12 ወርዷል። ደካሞቹ አግኝተውት ጎበዞቹ ስተውታል። ጥያቄውን ሲጫኑት የትኛው ምርጫ በስንት ሰው እንደተመረጠ ይዘረዝራል። ትክክል ተብሎ የተመዘገበው «ሐ» ሆኖ ከላይ ያሉት ተማሪዎች «ለ» ላይ ከተሰበሰቡ፣ በአብዛኛው የመልስ ቁልፉ ሲጫን ነው የተሳሳተው። በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል እኩል ከተከፈሉ ግን ሁለቱም የሚያስኬዱ ናቸው፤ ወይም የጥያቄው እንግሊዝኛ ጠመዝማዛ ነው። ቁልፉ ከሆነ አርሞ «ሪግሬድ» ማለት ይበቃል፣ የ120ውም ውጤት በአንዴ ይስተካከላል። ይህ በወረቀት ቢሆን መምህሩ ስህተቱን የሚያውቀው ቅሬታ ይዞ ቢሮ የመጣ ደፋር ተማሪ ካገኘ ብቻ ነው።

ከዚያው ገጽ አናት ላይ የፈተናው የውስጥ ወጥነት፣ ማለትም ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ምን ያህል አብረው እንደሚለኩ፣ በመቶኛ ተቀምጧል። ከ75 በላይ ደህና ነው፤ ከ64 በታች ከሆነ በዚያ ፈተና «ሀ» እና «ለ» እየለዩ ግሬድ መስጠት ያስተዛዝባል። አንድ ጥንቃቄ፦ 15 ተማሪ ባለው የማስተርስ ክፍል ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ሰው መሳት ብቻ ይዋዥቃሉ፤ አይታመኑ። ጥያቄዎች ከጥያቄ ባንክ (ከተጠራቀሙ ጥያቄዎች ክምችት) በዕጣ ሲወጡም እያንዳንዱን ጥያቄ ያየው ተማሪ ቁጥር ስለሚያንስ እንዲሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው በኮምፒውተር ለሚወስደውና 50 ከመቶ ለሚጠየቅበት የመውጫ ፈተና ሞዴል የሚያዘጋጁ ዲፓርትመንቶች ከሁሉም በላይ የሚጠቀሙበት ክፍል ይህ ሊሆን ይገባው ነበር። የጥያቄ ባንኩን በአስተማሪ ስም ሳይሆን በትምህርቱ ርዕስ ከፋፍሎ ማደራጀት ብቻ፣ ተማሪው የትኛው ኮርስ ላይ እንደሚንሸራተት ያሳያል።

ጥሩ ፈተና ግን ጥሩ ትምህርት ማለት አይደለም። ተማሪው ሲገባ ያውቀው የነበረውን ሲወጣ መልሶ ከነገረን ኮርሱ ምን ጨመረ? ለዚህ የሚሆነው መለኪያ ቀላል ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎችን በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ማርክ መስጠት፣ እነዚያኑ በመጨረሻው ሳምንት መድገም። ከዚያ የጨመረውን ነጥብ፣ ሊጨምር ይችል ለነበረው ማካፈል። ከ40 ተነስቶ 70 የደረሰ ክፍል፣ ሊጨምር ይችል ከነበረው 60 ውስጥ 30 ጨምሯል፤ 0.5። ከ80 ተነስቶ 90 የደረሰውም 0.5 ነው፤ ስለዚህ ጎበዝ ክፍል የደረሰው መምህርና ደካማ ክፍል የደረሰው በአንድ መስፈሪያ ይሰፈራሉ። አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሪቻርድ ሄክ በ1998 እ.ኤ.አ. 62 ኮርሶችንና ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን በዚህ ሲለካ፣ መምህሩ ብቻ የሚናገርባቸው ኮርሶች በአማካይ 0.23፣ ተማሪው የሚሳተፍባቸው ግን 0.48 አግኝተዋል። ልኬቱ ለገጽ ለገጽ ክፍል የተሠራ ቢሆንም፣ ስላይድ ተለጥፎ ለሚተውበት የኦንላይን ኮርስ ይበልጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው በኩዊዙ ቅንብር ውስጥ «ሪቪው ኦፕሽንስ» የሚለው ሰንጠረዥ ነው። አራት ዓምድ አለው፦ በፈተናው መሀል፣ ወዲያው እንዳለቀ፣ ፈተናው ክፍት ሳለ፣ ከተዘጋ በኋላ። ትክክለኛ መልስ የማሳየቱ ምልክት ከአራቱም ካልተነሳ የጥያቄዎቹ ስክሪንሾት ማታውን የባቹ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ውጤትም ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ስሌቱ ነው። መጀመሪያ 90 ተፈትነው መጨረሻ ላይ 60 ከቀሩ፣ የሁለቱን አማካይ ማነጻጸር ያቋረጡትን ደካሞች ቆርጦ ጥሎ ራስን ማሞገስ ይሆናል። ሁለቱንም የወሰዱትን 60ዎቹን ብቻ ማስላት፣ የ30ዎቹን መጥፋት ደግሞ ለብቻው ማየት ነው።

የተማሪ አስተያየት መሰብሰቢያው መካከለኛ ነው። «ሰርቬይ» የሚባለው ክፍል ለኦንላይን ትምህርት የተዘጋጀ መጠይቅ ነበረው፤ 24 ዓረፍተ ነገሮች በ6 ዘርፎች፣ ትምህርቱ ከሥራ ጋር ካለው ተዛምዶ እስከ መምህሩ ድጋፍና እስከ ተማሪዎች መደጋገፍ ድረስ። መጠይቁ ጥሩ ነው፣ ግን የመላሹን ስም ለመምህሩ ያሳያል። ግሬዱን በእጁ ለያዘ መምህር ስሙ ተጽፎ «ትምህርቱ አልገባኝም» የሚል ተማሪ አይገኝም። በአዲሶቹ ስሪቶች ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ለብቻው የሚጫን ሆኗል፤ ብዙም አያስቆጭም። «ፊድባክ» የሚባለው ስም ሳይመዘግብ ይሰበስባል፤ የሚመረጠው እሱ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ 30 ጥያቄ ከመደርደር በአራተኛው ሳምንት ሦስት ብቻ መጠየቅ ያዋጣል፦ የቱ ክፍል አልገባህም፣ ማቴሪያሉን ለማውረድ ምን አስቸገረህ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራበታለህ? በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ የቀየረውን አንድ ነገር ካልተናገረ ግን በስምንተኛው ሳምንት የሚመልስለት አይኖርም። መውደድና መማርም ለየቅል ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የሃርቫርድ የፊዚክስ ጥናት ላይ፣ እየሠሩ የተማሩት ተማሪዎች በፈተና የተሻለ አምጥተው ሳለ የተማሩት ያነሰ መስሏቸው ነበር።

ማን ምን መቼ እንደከፈተ የሚመዘግበውን ሎጉን በተመለከተ፣ ለእኛ አገር አስተማሪ ልቡን ጥሎ የሚያምነው ነገር አይደለም። ስላይዱን አንዱ አውርዶ ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል፣ የቀሩት ከዚያ ያነባሉ፤ ሙድል «1 ሰው አይቶታል» ይላል። በተቃራኒው «ማቴሪያሉን ጨርሷል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት ፒዲኤፉን ከፍቶ ወዲያው ለዘጋውም ይሰጣል። የማጠናቀቂያ ሁኔታውን ከ«ማየት» ወደ «የማለፊያ ነጥብ ማግኘት» መቀየርና ከየምዕራፉ ሥር 5 ጥያቄ ማስቀመጥ ይሻላል። ሎጉ የሚረዳው ለአንድ ነገር ነው፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭራሽ ያልገባውን ተማሪ ለይቶ ለመደወል።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። አሳይመንት ሲፈጠር ሙድል በራሱ የሚያስቀምጠው ማስረከቢያ 00:00 ነው። «ሰኞ 00:00» በእኛ አቆጣጠር እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ተማሪው «ሰኞ» የሚለውን አይቶ ሰኞ ማታ ያስገባል፤ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። «12:00 ኤኤም»ን ጧት 12 ሰዓት ብሎ የሚያነብም አለ፣ አይፈረድበትም። ማስረከቢያውን 17:00 አድርጎ በመግለጫው ላይ «ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ነገሩን ይዘጋዋል፤ በዚያ ሰዓት ችግር ቢፈጠርም ቢሮ ሰው አለ። በሩን የሚዘጋው ደግሞ «ዲው ዴት» (የማስረከቢያው ቀን) ሳይሆን «ከትኦፍ ዴት» (ከዚያ ወዲያ ሥራ የማይቀበልበት ቀን) ነው፤ ሁለቱን በ48 ሰዓት ማራራቅ መብራት የጠፋበትን ይታደጋል። የሰርቨሩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ላይ መሆኑንም ማረጋገጥ ነው፤ ለንደን ላይ ከተተወ እንደ ወቅቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይዛነፋል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። የአማርኛ አጭር መልስ ጥያቄ በሙድል ራስ ምታት ነው፤ የሚያርመው ፊደል በፊደል አመሳክሮ ነውና። «ፀሐይ» በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ መሀሉ በ«ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» ሊጻፍ ይችላል፤ «ሃ»፣ «ሓ»፣ «ኃ» ሲጨመሩ አንዷ ቃል 12 አጻጻፍ አላት። ሁሉንም እንደ ትክክለኛ መልስ መመዝገብ ይቻላል፤ ማዛመድ ወይም ምርጫ ማድረግ ግን ጤና ነው።

ሦስተኛው የፋይል መጠን። ተማሪው የእጅ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንስቶ ሲጭን «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይለዋል። ገደቡ አራት ቦታ አለ፦ ሰርቨሩ ውስጥ ሙድል በሚሠራበት ቋንቋ በፒኤችፒ ላይ፣ በሙድል አጠቃላይ ቅንብር፣ በኮርሱ፣ በአሳይመንቱ። የሚሠራው ከአራቱ ትንሹ ነው። ፒኤችፒ ሳይነካ ሲጫን ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ መምህሩ አሳይመንቱ ላይ 20 ቢልም ለውጥ የለውም። የአይሲቲ ክፍሉን መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ፈተና ሙድል ከሚታማው በላይ ይችላል። የተሞላውን መልስ በየደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል። ሰዓቱ ግን መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ጊዜው ሲያልቅ ያለውን በራሱ እንዲያስረክብ አድርጎ መተው፣ ለተጎዳው ተማሪ ደግሞ «ኦቨርራይድ» በሚለው ተጨማሪ ደቂቃ መስጠት ነው። በስልክ አፑ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ኩዊዝም ማዘጋጀት ይቻላል፤ የሰዓት ገደብ የተጣለበት ኩዊዝ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። ለመለማመጃ ይጠቀሙበት፣ ለፋይናል አይሆንም።

የቀጥታ ክፍለ ጊዜን በሚመለከት ከ4.0 ስሪት (2022 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢግብሉበተን የተባለው የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ነፃው አገልግሎት ግን 60 ደቂቃና 25 ሰው ብቻ ይይዛል፣ ቅጂውም በ7 ቀን ይጠፋል። ለ120 ተማሪ አይሆንም። የዙም ነፃው ደግሞ 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል። ከሁለቱም ይልቅ ባለ 10 ደቂቃ ድምፅ ከስላይዱ ጋር ማስቀመጥ ይመረጣል። ድምፁ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ከተቀዳ 10 ደቂቃው 2.4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ መጠነኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በ600 ኪሎቢት ለዚያው 10 ደቂቃ 45 ይወስዳል። ዳታ ከኪሱ እየገዛ ለሚማር ሰው ልዩነቱ ያ ነው።

የቀረው የውጤት መዝገቡ ነው፤ ከሁሉም ደካማው ክፍል። ባዶ ውጤትን ከስሌት ያስወጣል። ከአምስት አሳይመንት አንዱን ብቻ ሠርቶ 9 ከ10 ያገኘ ተማሪ ጠቅላላ ውጤቱን «90%» ብሎ ያሳየዋል፤ ተማሪውም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ በሰላም ይተኛል። ማስረከቢያው ባለፈ ማግስት ላላስገባ ሁሉ ዜሮ መሙላት፣ ወይም «ኤክስክሉድ ኤምፕቲ ግሬድስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል። ምልክቱ የሚነሳው ግን ሴሚስተሩ ሲገባደድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ካነሱት ገና ያልተሰጠው ሁሉ ዜሮ ስለሚቆጠር ክፍሉ በሙሉ የወደቀ ይመስላል፣ ስልክዎም አያርፍም።