ለዶክተር ፖንሴቲ ምስጋና፣ ለወላጆች ጥቆማ

ልጄ ቆልማማ እግር ይዛ ነው የተወለደችው። ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ዞረው ነበር። አሁን ከወንድሟ ጋር እየተሯሯጠች ቤቱን ታምሰዋለች። ሐኪሞቿንና ነርሶቿን በአካል አመስግኛለሁ። አንድ የቀሩኝ ሰው አሉ፤ አይቻቸው አላውቅም፣ አሁን በሕይወትም የሉም። የአጥንት ሐኪሙ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ።

በ1914 ሜኖርካ በምትባል የስፔን ደሴት ተወለዱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አባታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ልጅ ሆነው አብረው ይጠግኑ ነበር። የእጃቸው ነገር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሕክምና ተምረው እንደጨረሱ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ወገናቸው ሲሸነፍ ቁስለኞችን በበቅሎ ተራራ አሻግረው ፈረንሳይ ገቡ። ከዚያ ሜክሲኮ፣ በ1941 ደግሞ አሜሪካ፣ አዮዋ።

እዚያ ያዩት አላስደሰታቸውም። በሕፃንነት በቀዶ ሕክምና የተስተካከሉ እግሮች ከጊዜ በኋላ ይደርቃሉ፣ ያማሉ። ስለዚህ በእጅ ማረምን መረጡ። የሕፃን ጅማት ገር ነው። እግሩ በየሳምንቱ ቀስ ተብሎ እየተገፋ ጀሶ ይደረግለታል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል። መጨረሻ ላይ የብዙዎቹ የተረከዝ ጅማት ይቆረጣል፤ እሱም መልሶ ይገጥማል። ጎበዝ ወጌሻ ቢያይ ወዲያው የሚገባው ሥራ ነው።

በ1963 ውጤቱን ጽፈው አሳተሙ፣ ብዙ ሰሚ ግን አላገኙም። በ1984 ጡረታ ወጡ። ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ተመልሰው ገቡ። ዓለም የሰማቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያውም ወሬውን ያዳረሱት በኢንተርኔት የተገናኙ ወላጆች ናቸው። በ2009 በ95 ዓመታቸው እስኪያርፉ ሥራቸውን አልተዉም።

አሁን ወደ ጥቆማው። እኛን አንድ ጤና ጣቢያ «ትንሽ ትደግ» ብሎ መልሶን ነበር። አትስሙ። በተወለደ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ መጀመር ይቻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ሂዱ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ሪፈራል ሆስፒታል ገብታችሁ «የፖንሴቲ ሕክምና ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጀሶው ሲያልቅ ግን ተገላገልን እንዳትሉ። በብረት የተያያዘው ጫማ አለ። ሦስት ወር ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመት አካባቢ በእንቅልፍ ሰዓት። ልጅ ያለቅሳል፣ አያት «አውልቁላት፣ ልጄን ፈጃችኋት» ይላሉ። አታውልቁ። እግሩ ተመልሶ የሚጣመመው በአብዛኛው እዚህ ላይ ሲዘናጉ ነው። ከጫማው ስር የጥጥ ካልሲ አድርጉላት፣ ቆዳዋ እንዳይላጥ። የቸገራችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።